የወይራውና የግራዋው ዘንግ

ከአንድ ወንዝ የሚጠጡ አራት ጎጦች ነበሩ። አንዱ አፋፉ ላይ፣ አንዱ መስኩ ላይ፣ አንዱ ከገደሉ ሥር፣ አንዱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ። ወንዙ በክረምት ግንድ እየገነደሰ ይወርዳል፤ በበጋ ግን ልጅ በእግሩ ይሻገረዋል። ስለዚህ አያቶቻቸው አንድ ቦይ በጋራ ቆፍረው ውሃውን በተራ ያጠጡ ነበር። ተራ የሚያወጣ፣ ቦዩ በደለል ሲሞላ ሰውን ለጠረጋ የሚጠራ፣ በሌሊት የሰው ተራ የሰረቀውን የሚቀጣ አንድ የውሃ አባት ነበራቸው። የአንዱ ሽንኩርት የሚለመልመው፣ የሌላው የሚጠወልገው በእሱ ቃል ነበር።

የውሃ አባቱ ብዙ ዘመን አገልግሎ በጥቅምት ሞተ። ዝናቡ ቆሞ ቦዩ የሚጠረግበት ወቅት ስለ ነበር ሐዘኑ በቅጡ ሳያልቅ ተተኪ መፈለግ ግድ ሆነ። ሁለት ሰዎች ታጩ። አንዱ የመስኩ ቦይ ቆፋሪ ነው፤ ውሃ የት እንደሚሰርግ፣ የት እንደሚያመልጥ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ሌላው የአፋፉ ንብ አናቢ ነው፤ ትዕግሥተኛ፣ ነገር አጣሪ፣ ለማንም የማያዳላ። ሁለቱም ለቦታው የሚገቡ ሰዎች ነበሩ። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ የመጣው ጠብ ከሰዎቹ ክፋት የመነጨ እንዳይመስል ነው።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ከየቤቱ አንድ ድምፅ» አሉ። ድምፁ እንዴት እንደሚሰጥ ግን አልተነጋገሩም። ምን ያነጋግራል? እያንዳንዱ ጎጥ የራሱን ዳኛ ሲመርጥ የኖረበት ወግ አለው። የገደል ሥሮቹ ከሾላው ዛፍ በስተቀኝና በስተግራ ቆመው ይቆጠራሉ። የወንዝ ማዶዎቹ ነጭና ጥቁር ጠጠር እንስራ ውስጥ ይጥላሉ። አፋፉና መስኩ የሚመርጡት በዘንግ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ስንዝር ዘንግ ይሰጠዋል፤ መራጩ ዳስ ውስጥ ይገባና አንዱን ሰው ከፈለገ ወደ ወፍራሙ ጫፍ፣ ሌላውን ከፈለገ ወደ ቀጭኑ ጫፍ በቢላዋ ቆርጦ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። ቆራጩ አይታወቅም፤ የተቆረጠው ይታያል። መልካም ወግ ነበር።

ነገር ግን የአፋፉ ዘንግ ከወይራ ነው፤ የመስኩ ከግራዋ። ወይራ ቢላዋ ያዶለድማል፤ ግራዋ ለሕፃን እጅ እንኳ ይታዘዛል። አፋፉ ላይ ጠዋት የመጣው ጎልማሳ ዘንጉን እስከ መሐሉ ሲቆርጥ፣ ከሰዓት በኋላ የመጣችው አሮጊት በዶለዶመ ቢላዋ ታግላ ታግላ ቅርፊቱን ብቻ ፍቃ ወጣች። እሷ መምረጧን ታውቃለች። ከመረጠችው ሰው በቀር ሌላ ነገር ልቧ ውስጥ አልነበረም። ማታ ቅርጫቱን የሚገለብጡት ሰዎች ግን የሚያዩት ልቧን ሳይሆን ዘንጉን ነው።

አራቱም ጎጦች ቁጥራቸውን ላኩ፤ ሲደመር ንብ አናቢው በዘጠኝ ድምፅ በለጠ።

በማግስቱ ከአፋፉ ወሬ ወረደ። ቆጣሪዎቹ ስልሳ ያህል ዘንግ «ያልተቆረጠ» ብለው ከቅርጫቱ ጎን ጥለዋል። የቦይ ቆፋሪው ወገኖች «እነዚያ ይታዩ» አሉ። የንብ አናቢው ወገኖች ደግሞ «እነዚያ ከታዩ የመስኩም ይታይ፤ እዚያም የተጣለ አለ» አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ዘንጎቹ ተለቅመው እንደገና እንዲታዩ ተወሰነ፤ በምን ሚዛን እንደሚታዩ ግን አሁንም የተናገረ የለም። «የመራጩ ሐሳብ ይፈለግ» ብቻ ተባለ።

አፋፎቹ ተቀምጠው «እንጨቱ ውስጥ ያልገባ አይቆጠርም» አሉ። መስኮቹም ጠዋት እንደዚያው ብለው ጀመሩ። ምሳ በልተው ሲመለሱ አንዱ ሽማግሌ አንድ ዘንግ ወደ ፀሐይ አንሥቶ «ቅርፊቱ ከተፋቀስ? እጅ ያለ ምክንያት አይፍቅም» አለ። ሁለተኛው ተስማማ። ሦስተኛው «እንዲያ ከሆነማ በጥፍር የተጫረውስ ምን በደለ?» ብሎ ጨመረበት። ጠዋት የተጣሉት ዘንጎች ከሌሎቹ ጋር ስለ ተቀላቀሉ መልሶ ማየት አልተቻለም። በአንድ ቅርጫት ዙሪያ የተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች በሦስት ዓይን ቆጠሩ። መስኩ ከተጣሉት መካከል ብዙ አዲስ ድምፅ አገኘ፤ አፋፉ ያገኘው እፍኝ አይሞላም። አፋፎቹ ይህን ሲሰሙ «እኛም ቅርፊት እንቆጥራለን» ብለው ቅርጫታቸውን እንደገና ገለበጡ።

ነገሩ ሲከር የሟቹን የውሃ አባት ባለቤት አስጠሯቸው። እማማ መጡ። ከክምሩ አንድ ዘንግ አነሡና ሁለቱንም ጫፍ በነጠላቸው ጠቅልለው ጭረቱን ብቻ ገለጡ።

«ይህ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?» ሲሉ ጠየቁ።

ሽማግሌዎቹ ተጠጉ። አንዱ በጣቱ ዳሰሰው፤ ሌላው ዓይኑን አጥብቦ አየው። የመለሰ የለም። በመጨረሻ ከመስኩ የመጣው፣ «እማማ፣ እስቲ ጫፉን ያሳዩን» አላቸው።

«ጫፉ ምን ያደርግላችኋል?»

መልስ አልነበረውም። ከአፋፉ የመጣውም አልነበረውም።

«ዘንጉን ሳታዩ ሕጉን ተናግራችሁ ቢሆን ሕጉ የሁላችሁ በሆነ ነበር» አሉ እማማ። «አሁን የምታወጡት ሕግ ሁሉ ባለቤት አለው። ብታጠብቡት የአንደኛው ነው፤ ብታሰፉት የሌላኛው። እኔም እዚህ ላይ አልፈርድም፤ ብፈርድ ፍርዴ ባለቤት ያገኛል።» ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ቦዩ ደለል ይዟል፤ ችግኙ መደቡ ላይ ይጠወልጋል። ሽማግሌዎቹ ቆጠራውን መሐል ላይ አስቁመው «በየጎጡ የተለያየ ሚዛን መያዙ ስሕተት ነው፤ ለማቃናት ግን ቀን የለንም» አሉና በመጀመሪያው ቁጥር ንብ አናቢውን ሾሙት። ንብ አናቢው በቅን ልብ አገለገለ። ነገር ግን ውሃ ባነሰ ቁጥር፣ የመስኩ ሰው ተራ አንድ ሌሊት በዘገየ ቁጥር፣ «ያኔ ዘንጋችን ተቆጥሮ ቢሆን» ይባል ነበር። ድርቁንም፣ የቦዩን መደርመስም፣ የሰማዩንም ጥፋት እሱ ተሸከመ።

የሹመቱ ዘመን ሲያልቅ የተጎዱት ቆርጠው መጡ። «በዚህኛው ሁሉም ነገር አንድ ይሁን» አሉ። ሁሉም ማለት ሁሉም ነው። ቦታው አንድ፤ ሰው ሁሉ መስኩ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ይምጣ። እንጨቱ አንድ፣ ቢላዋው አንድ። ሰዓቱም አንድ፤ ፀሐይ ከወጣችበት እስከ እኩለ ቀን። ለክርክር ጊዜ እንዲተርፍ ተብሎም ምርጫው ከጥቅምት ወደ ነሐሴ ተሳበ። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ከልባቸው ነበር፤ ማንም በማንም ላይ እንዳያሳብብ ፈልገው ነው።

በነሐሴ ወንዙ ሞላ። ማዶ ያሉት ዳር ቆመው ዋርካውን እያዩ ቀሩ። የአፋፉ አዛውንት በጭቃው ቁልቁለት መውረድ አልቻሉም፤ ልጆቻቸው አዝለው ያወረዷቸው ጥቂቶቹም ሲደርሱ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። የገደል ሥሮቹ በዘንግ መርጠው ስለማያውቁ ወደየትኛው ጫፍ እንደሚቆረጥ ግራ ገብቷቸው ሁለቱንም የቆረጡ ብዙ ናቸው። ድሮ ከሾላው ሥር በእግሩ ቆሞ ይመርጥ የነበረ አንድ ዓይነ ስውር ወፍራሙን ከቀጭኑ በጣቱ መለየት ይችላል፤ ቢላዋውን የሚያቀናለት ሰው ግን ዳስ ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነዋ። የመስኩ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው፣ መርጠው፣ የጣዱት ቡና ሳይፈላ ተመለሱ።

ቦይ ቆፋሪው በብዙ ድምፅ አሸነፈ። በቆጠራው ላይ አንዲት ዘንግ እንኳ አላጣላችም። በዚያ ዓመት ግን ማዶዎቹ ለቦይ ጠረጋ አልወጡም።

የማዶው ጎጥ ሽማግሌ በሸንጎ ተነሥቶ «እያንዳንዱ ጎጥ እንደ ወጉ ይምረጥ ስል አልሰማችሁኝም» አለ። «አያቶቻችን በጠጠር እየመረጡ ነው ይህን ቦይ የቆፈሩት። የመስኩ ሰው የእኔን ድምፅ አሰጣጥ እንዲያዝ ማን ሥልጣን ሰጠው?» ብዙ ሰው አጨበጨበለት፤ የሚጨበጨብለትም ነበር።

እማማ በዚያን ጊዜ እጅግ አርጅተው፣ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ነበር የመጡት። «ልጄ፣ የጎጥህን ዳኛ ስትመርጥ በጠጠርም ምረጥ፣ በእልልታም ምረጥ፤ የሚያይህ የለም» አሉት። «የውሃ አባቱ ግን የአንተ ብቻ አይደለም። አንተ በልግስና የቆጠርኸው ጠጠር፣ አፋፍ ላይ በንፍገት የተጣለውን ዘንግ ያሸንፈዋል። በጎጥህ የሠራኸው በጎጥህ አይቀርም።» ወደ መስኮቹም ዞሩና «እናንተም የሰዉን መንገድ ሳታዩ መድረሻ ሰዓቱን ብቻ አንድ አደረጋችሁ» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ማንም ባልታጨበት፣ ማን እንደሚታጭም በማይታወቅበት ዓመት ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ዐቢይ ጾም ገብቶ እስኪፈታ ፈጀባቸው። አንጥረኛው ሁለት ሁለት የናሙና ዘንግ ሠራ፤ አንደኛው ላይ የሚበቃ ቁርጥ፣ ሁለተኛው ላይ የማይበቃ ጭረት። ከወይራም ከግራዋም ሠርቶ በየጎጡ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ዛፍ ላይ ሰቀለው። ነጭም ጥቁርም ያልሆነ ዳለቻ ጠጠር፣ ከሾላው ዛፍ ፊት ለፊት መሐል ላይ የቆመ ሰው፣ ሁለቱም ጫፍ የተቆረጠ ዘንግ፣ ምን እንደሚባሉ አንድ በአንድ ተነግሮ ታወቀ። ቢላዋው በየሃያው ሰው ይሳላል። መራጩ ዘንጉን ከመጣሉ በፊት ከናሙናው ጋር ያስተያየዋል፤ ካነሰ ሌላ ይሰጠዋል። ዓይነ ስውርና እጁ የሚንቀጠቀጥ የሚያምነውን ሰው ይዞ ይገባል፤ ጌታውን ግን ይዞ አይገባም። የአንዱ ጎጥ ቅርጫት የሚገለበጠው የሌሎቹ ጎጦች ሰዎች ባሉበት ነው።

የቀረውን ለየጎጡ ተዉት። ማዶዎቹ ወንዙ ሳይሞላ ቀደም ብለው መርጠው እንስራውን በሰም ያሽጋሉ። አፋፎቹ ከብት ከገባ በኋላ በችቦ ይመርጣሉ። የሚከፈተው ግን ሁሉም በአንድ ቀን ነው።

በዚያ ሥርዓት በመጀመሪያው ምርጫ ቦይ ቆፋሪው በአራት ድምፅ ተሸነፈ። ያጠራጠሩት ዘንጎች እንዲታዩ ጠየቀ፤ ተገቢ ጥያቄ ነበር። በሁሉም ፊት ከናሙናው ጋር ተለኩ፤ ግማሾቹ ገቡ፣ ግማሾቹ ወደቁ፣ ውጤቱ አልተለወጠም። ቦይ ቆፋሪው «ከተለካስ» አለና አካፋውን ይዞ ለጠረጋ ወጣ።

ይህን ምሳሌ ስናገር በልቤ ያለችው የአሜሪካዋ ስቴት ፍሎሪዳ ናት።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 102 ለመላ አገሪቱ አንድ የምርጫ ቦርድ ስላቋቋመ፣ አሜሪካም እንዲሁ ያለ ቦርድ ያላት የሚመስለን ብዙዎች ነን። የላትም። ፕሬዚዳንቱ የጋራ ነው፤ ምርጫውን የሚያካሂደው ግን እያንዳንዱ ስቴት፣ በስቴቱም ውስጥ በአብዛኛው እያንዳንዱ ካውንቲ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2000 የፍሎሪዳ 67 ካውንቲዎች ጆርጅ ቡሽንና አል ጎርን ያስመረጡት በአንድ ዓይነት መሣሪያ አልነበረም። ገሚሱ በብዕር ተቀልሞ በማሽን የሚነበብ ወረቀት ነበረው። ገሚሱ ደግሞ መራጩ በሹል ዘንግ እየወጋ የሚበሳው ፓንች ካርድ። የተወጋችው ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ተበጥሳ ካልወደቀች ማሽኑ ድምፁን አያየውም፤ በአንድ ጥግ ተንጠልጥላ ልትቀር፣ ወይም ሳትበጠስ ጎድጉዳ ብቻ ልትቀር ትችላለች። ወደ 6 ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ ሁለቱን ሰዎች በመጨረሻ የለያቸው 537 ነው።

የስቴቱ ሕግ የሚለው «የመራጩ ግልጽ ሐሳብ» ይፈለግ ብቻ ነበር። የፓልም ቢች ካውንቲ ቆጣሪዎች በቆጠራ መሐል መለኪያቸውን ቀያየሩ። ብሮዋርድ ላላ ባለ መለኪያ ቆጥሮ ከፓልም ቢች ሦስት እጥፍ የሚጠጋ አዲስ ድምፅ አገኘ፤ በሕዝብ ብዛት ግን ያን ያህል አይበልጠውም። በማያሚ ዴድ የአንድ ቦርድ ሦስት አባላት በሦስት መለኪያ ሲቆጥሩ እንዳየ አንድ ታዛቢ በፍርድ ቤት መስክሯል። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 8 ማሽን ያላያቸው ካርዶች በመላው ስቴት በእጅ እንዲታዩ አዘዘ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማግስቱ አስቆመው። ዲሴምበር 12 ከ9ኙ ዳኞች 7ቱ፣ ወጥ መለኪያ የሌለው ቆጠራ ዜጎች በሕግ ፊት ያላቸውን እኩልነት የሚነካ ችግር አለበት አሉ። 5ቱ ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ የለም ብለው ነገሩን ዘጉት። ከ7ቱ ጋር እስማማለሁ። ፍርዱ ለዚያ ጉዳይ ብቻ የሚሠራ ነው ተብሎ መጻፉ ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ጉድለቱ እውነተኛ ከሆነ ለአንድ ታኅሣሥ ብቻ እውነተኛ ሊሆን አይችልም።

በዓመቱ የዜና ተቋማት ተባብረው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባለ የጥናት ማዕከል 175,010 አጠራጣሪ ወረቀቶችን አስመረመሩ። ጎር የጠየቀው የጥቂት ካውንቲዎች ቆጠራ ቢቀጥል ቡሽ ይበልጣል፤ በመላው ስቴት አጠራጣሪው ሁሉ ቢታይ ደግሞ ጎር በጠባብ ልዩነት ይበልጣል። ካርዶቹ ያው ነበሩ። የሚለዋወጠው የትኛው ይታይ፣ በምን ይታይ የሚለው ነው፤ ይህም የተጠየቀው ሁሉም ጫፉን ካየ በኋላ ነበር።

በ2001 ፍሎሪዳ ፓንች ካርድን ከለከለች። በ2002 ኮንግረስ ባወጣው የምርጫ ድጋፍ ሕግ እያንዳንዱ ስቴት ለሚጠቀምበት የድምፅ መስጫ ዓይነት ድምፅ ማለት ምን እንደሆነ ወጥ ትርጉም እንዲያስቀምጥ፣ ስሙ ከመዝገብ የጠፋበት መራጭ ጊዜያዊ ድምፅ ሰጥቶ እንዲጣራለት፣ በየምርጫ ጣቢያው አካል ጉዳተኛ የሚጠቀምበት መሣሪያ እንዲኖር ታዘዘ። እንዴት እንደሚፈጸም ለስቴቶቹ ተተወ። በኔ ግምት የሕጉ ዋና በጎነት እዚህ ላይ ነው፤ የሚቆጠረውን አስወሰነ፣ የሚኬድበትን መንገድ ግን አልነጠቀም። ጉድለቱም ከዚያው ጋር ነው፤ ትርጉሙ አንድ የሚሆነው በስቴቱ ወሰን ውስጥ ብቻ ነው።

ፍሎሪዳ የትኛው ምልክት እንደሚቆጠር፣ የትኛው እንደሚወድቅ በሥዕል የሚያሳይ ደንብ አወጣች፤ ክብ የተደረገበት፣ ከሥሩ የተሰመረበት፣ ተሰርዞ የተስተካከለ፣ ሁሉም አስቀድሞ ተሥሎ ይታያል። በ2018 ሪክ ስኮትና ቢል ኔልሰን ለሴኔት ሲወዳደሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ የለያቸው 10,033 ነበር፤ እንደገናም ተቆጠረ፤ አጠራጣሪዎቹ ወረቀቶችም በእጅ ታዩ። ጉድለት አልጠፋም። የፓልም ቢች አሮጌ ማሽኖች ግለው ቆሙ። የብሮዋርድ የማሽን ድጋሚ ቆጠራ ከቀጠሮው በ2 ደቂቃ ዘግይቶ ሳይያዝለት ቀረ። በዚያው ካውንቲ የሴኔቱ ውድድር ከመመሪያው ሥር ጥግ ላይ ስለ ታተመ ሳያዩት ያለፉ ብዙ ሺህ መራጮች ነበሩ፤ ይህ ቀላል በደል አይደለም። ምልክቱ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው ክርክር ግን እንደ 2000ው አገር አላመሰም። ኔልሰን ኖቬምበር 18 ሽንፈቱን ተቀበለ።

በፖቶማክ ወንዝ ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በስቴትና በስቴት መካከል ያለውን ልዩነት በየቤታቸው ያውቁታል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድም ጣቢያው ሲደርስ መታወቂያ ያሳያል፣ ከሌለው ማንነቱን በፊርማ ያረጋግጣል፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቱ አብዛኛውን ጊዜ መታወቂያ አትጠየቅም። ዋሽንግተን ዲሲ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ወረቀቱን በፖስታ ትልካለች፤ ከ2004 ጀምሮ ያለው የከተማዋ የቋንቋ አገልግሎት ሕግም አማርኛን ስለሚያካትት የምርጫ መረጃ በአማርኛ ይገኛል። ወሰኑን ተሻግረን ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ስንገባ ያ ሕግ አይከተለንም። የፌዴራሉ የድምፅ መስጠት መብት ሕግ ትርጉም የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና ለአላስካ ተወላጆች ቋንቋዎች ብቻ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው በአንድ ካውንቲ የቱንም ያህል ቢበዛ በዚህ ድንጋጌ አይገባም። አንድን ፕሬዚዳንት ለሚመርጡ ሁለት እናቶች ይህ ልክ አይደለም፤ ሊስተካከልም ይገባዋል።

እስከዚያው ግን በሁሉም ስቴት እኩል የሚሠራ አንድ ድንጋጌ አለ፤ በ1982 የድምፅ መስጠት መብት ሕጉ አንቀጽ 208 ሆኖ የገባ ነው። ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳተኛ የሆነ፣ ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ ድምፅ መስጫው ውስጥ መግባት ይችላል። ይዞት የሚገባው ሰው ግን አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ሊሆን አይችልም። እንግሊዝኛ ማንበብ አለመቻልም በዚህ ይሸፈናል። እናቱን ወይም አያቱን ይዞ የሄደ ሰው በምርጫ አስፈጻሚ «እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» ቢባል፣ አንቀጹን በቁጥሩ ጠርቶ የጣቢያው ኃላፊ እንዲመጣ ይጠይቅ፤ ሚያሚም ሆነ ሚኒያፖሊስ፣ ዳላስም ሆነ ሲያትል ሕጉ ያው ነው።